ፍሪጅ የተገጠመለት ኮምፒዩተር፦ የፍሪጅ ባለሙያውና የኮምፒዩተሩ ልጅ የተገናኙበት ታሪክ

በረመዳን የመግሪብ አዛን ሲሰማ ከፍሪጅ ወጥቶ ማዕዱ ላይ የሚቀመጠውን የውሃ ጠርሙስ አስታውሱት። ተምሩ ተዳርሶ ሳያልቅ ጠርሙሱ በውጭ በኩል ላብ በላብ ይሆናል። ክዳኑ እንደተዘጋ ነው፤ ከውስጥ የፈሰሰ ጠብታ የለም። ውሃው የመጣው ከክፍሉ አየር ነው። በአየሩ ውስጥ ያለው የማይታይ እርጥበት ቀዝቃዛውን ጠርሙስ ሲነካ ጤዛ ሆኖ ተለጠፈበት።

ይህችን ላብ ያዙልኝ። ወደ ኋላ እንመለስባታለን፤ የብዙ ውድ ማሽኖች መጥፊያ እሷ ናትና።

የዛሬው ጉዳያችን በኮምፒዩተር ፍቅር የተያዘ ወጣት አንድ ቀን ሳያስበው የማይቀር ነገር ነው፦ ኮምፒዩተርን በማራገቢያ ሳይሆን በፍሪጅ ማቀዝቀዝ ይቻላል ወይ? ከአሮጌ ፍሪጅ ኮምፕሬሰሩን አውጥቶ፣ በገዛ እጅ በተሠራ ኬዝ ውስጥ ገጥሞ፣ ፕሮሰሰሩን ከዜሮ በታች ማውረድስ?

ልደታ ለሚኖር ወጣት ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተመሠረተው የሕንፃ ኮሌጅ እዚያው ሰፈር ነው። የሥነ ሕንፃ ተማሪ የነደፈውን ቤት በምስል ለማውጣት ኮምፒዩተሩን ሌሊቱን ሙሉ ሲያሠራ ያድራል። ቪዲዮ የሚያቀናብረውም፣ ጌም የሚሠራውም እንዲሁ። ማሽኑ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ካልሆነለትም ጥርቅም ብሎ ይጠፋል። በቤተሰብ መዋጮ ለተገዛ አንድ ኮምፒዩተር ሙቀት ማለት እንግዲህ ዕድሜውን የሚበላ ጠላት ነው።

ለጥያቄው መልስ አለ። መልሱ ግን ያለ ታሪኩ አይገባም። ታሪኩን ከእናቶቻችን እንስራ እንጀምር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1. እንስራውና የሱልጣኑ በረዶ

የሸክላ እንስራ ውሃ ለምን ቀዝቃዛ ይሆናል? ሸክላው በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ስላሉት ውሃው ቀስ እያለ ወደ ውጭ ይወጣል። የወጣው ውሃ ይተናል። ውሃ ሲተን ደግሞ ሙቀት ይፈልጋል፤ ሙቀቱንም የሚወስደው ከእንስራውና በውስጡ ከቀረው ውሃ ነው። ስለዚህ የቀረው ይቀዘቅዛል።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፈሳሽ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል የሚለው ሕግ ከእንስራው ጀምሮ እስከ ዛሬው ፍሪጅ፣ ከዚያም እስከ ዓለም ፈጣን ኮምፒዩተሮች ድረስ ያለ አንድ ሕግ ነው። ሰሜን ናይጄሪያ ውስጥ ሙሐመድ ባህ አባ የተባሉ መምህር በ1990ዎቹ ይህንኑ ሕግ ይዘው ሁለት የሸክላ ማሰሮ አንዱን በሌላው ውስጥ አስገቡ፤ በመሃላቸው እርጥብ አሸዋ ሞሉበት። ያለ መብራት አትክልት የሚያቆይ ፍሪጅ ሆነ። በሦስት ቀን ይበላሽ የነበረ ደበርጃን ሳምንታት ቆየ። ለዚህ ሥራቸው በ2000 የሮሌክስ ሽልማት ተሰጣቸው።

ከእንስራው የበለጠ ቅዝቃዜ የፈለገ ሰው በድሮ ዘመን ያለው አማራጭ አንድ ነበር፦ በረዶን ካለበት ማምጣት። የግብፅ መምሉክ ሱልጣኖች ካይሮ ተቀምጠው ከሶሪያ ተራሮች በረዶ ያስመጡ ነበር። ግማሹ በመርከብ፣ ግማሹ በየጣቢያው በሚቀያየሩ ግመሎች ይጓጓዛል። ይህንን አሠራር ከመዘገቡት ጸሐፊዎች አንዱ በ1349 ያረፈው ኢብን ፈድሉላህ አል-ዑመሪ ነው። ስሙን የታሪክ ወዳጆች ታውቁታላችሁ፤ ስለ ኢፋት፣ ደዋሮ፣ አራባብኒ፣ ሐድያ፣ ሸርኻ፣ ባሌና ዳራ የጻፈልን እሱው ራሱ ነው።

የሱልጣኑ በረዶ አንድ ነገር ያስተምረናል። ቅዝቃዜ በነጻ አይገኝም። አንድ ሰው፣ አንድ ግመል፣ አንድ መርከብ ዋጋውን ይከፍላል።

2. ፍሪጁ እንዴት ተወለደ?

በ1750ዎቹ ዊልያም ከለን የተባለ የስኮትላንድ ሐኪምና መምህር አንድ ሙከራ አሳየ። ኤተር የሚባለውን በቀላሉ የሚተን ፈሳሽ በዕቃ አድርጎ አየሩን በፓምፕ መጠጠለት። ግፊቱ ሲቀንስ ኤተሩ በፍጥነት ተነነ፤ በዙሪያው የነበረው ውሃም በረዶ ሠራ። የእንስራው ሕግ ነው፤ የተጨመረው ፓምፕ ብቻ ነው።

የቀረው ችግር የተነነውን ጋዝ መልሶ መያዝ ነበር። እንስራ የተነነ ውሃውን አይመልስም፤ በየቀኑ እየተቀዳ ይሞላል። በ1834 ጃኮብ ፐርኪንስ ለንደን ውስጥ የባለቤትነት መብት ያወጣበት ማሽን ይህንን ፈታው። የተነነው ጋዝ በመጭመቂያ ይጨመቃል፤ ሲጨመቅ ይግላል፤ በቱቦ ሲያልፍ ሙቀቱን ለውጭው አየር ሰጥቶ እንደገና ፈሳሽ ይሆናል፤ ከዚያም በጠባብ መተላለፊያ አልፎ ግፊቱ ሲወርድ እንደገና ይተናል። ዑደት ነው፤ ያው ጋዝ ይዞራል።

የቤታችሁን ፍሪጅ ዞር አድርጋችሁ እዩት። ከታች ያለው ጥቁር ጣሳ የሚመስለው ኮምፕሬሰሩ ነው። ከጀርባው ያለው የሽቦ መደርደሪያ የሚመስል ቱቦ ሙቀቱን የሚጥልበት ነው። ቀጭኑ የመዳብ ቱቦ ግፊቱን የሚጥልበት ነው። በረዶ የሚሠራበት ክፍል ደግሞ ፈሳሹ የሚተንበት ነው። እጃችሁን ከጀርባው ብታስጠጉ ይሞቃል። ያ ሙቀት ከውስጥ የወጣው የምግቡ ሙቀትና ሞተሩ ራሱ የጨመረው ነው።

እዚህ ላይ አንድ እውነት ልብ በሉ፦ ፍሪጅ ቅዝቃዜ አያመርትም። ሙቀትን ከአንድ ቦታ አንስቶ ሌላ ቦታ ይጥላል፤ ለተሸከመበትም ኪራይ ያስከፍላል።

3. 1946፦ ፊላደልፊያና ልደታ

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። በየካቲት 1946 አሜሪካ ፊላደልፊያ ውስጥ ኤኒያክ የተባለው ኮምፒዩተር ለሕዝብ ታየ። ከ17 ሺህ በላይ የመስታወት ቱቦዎች ነበሩት፤ 150 ኪሎዋት ገደማ ኃይል ይበላ ነበር። እያንዳንዱ ቱቦ እንደ አምፖል ይግላል። ስለዚህ በትላልቅ ማራገቢያዎች አየር ይነፋበት ነበር፤ ባይነፋበት ራሱን ያቃጥላል።

ከዚያ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 1946፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ መደበኛ በረራ ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሄደ። የአየር መንገዱ መነሻ ያኔ ልደታ የነበረው ሜዳ ነው። ዛሬ ኦልድ ኤርፖርት የምንለው ሰፈር ስሙን የያዘው ከዚያ ነው። አውሮፕላኑ ሲ-47 ይባላል። በእያንዳንዱ ክንፉ ላይ ባለ 14 ሲሊንደር አንድ ሞተር ነበረው፤ ሞተሮቹ የሚቀዘቅዙት እንደ መኪና በውሃ ሳይሆን በአየር ነበር። ሲሊንደሮቹ ላይ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩ ስስ የብረት ቅጠሎች አሉ፤ ነፋሱ በመሃላቸው ሲያልፍ ሙቀቱን ይወስዳል።

የኮምፒዩተራችሁን ኬዝ ብትከፍቱ ፕሮሰሰሩ ላይ የምታዩት የአሉሚኒየም ቅጠል የዚያው ሐሳብ ልጅ ነው።

ልደታ ግን ለሞተር ቀላል ቦታ አልነበረም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየር ይሳሳል። ለዚህ ነው ውሃ እዚህ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው፤ ለዚህም ነው ባቄላው ቶሎ አልበስል የሚለው። ስስ አየር ክንፍን በደንብ አይሸከምም፤ ለሞተርም በቂ ኦክስጅን አይሰጥም። ስለዚህ አውሮፕላን ለመነሳት ረዘም ያለ ሜዳ ይፈልጋል። የጄት ዘመን ሲመጣ የልደታ ሜዳ አልበቃም፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቦሌ ተተካ።

እንግዲህ ልደታ ላይ ማሽን የሚያቆም ሰው ሁሉ ከ1946 ጀምሮ አንድ ሒሳብ አለበት፦ የአየሩን ሒሳብ። ይህንንም ያዙልኝ።

4. የፍሪጅ ሰው የዓለምን ፈጣን ኮምፒዩተር ሲያድን

አሁን ወደ ታሪኩ ልብ ደረስን።

ሲሞር ክሬይ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ነበር። ፍላጎቱ አንድ ነው፦ በዓለም ላይ ከሁሉ የሚፈጥን ኮምፒዩተር መሥራት። ኤሌክትሪክ በሽቦ ለመጓዝ ጊዜ ይወስዳልና ፈጣን ማሽን ለመሥራት ሽቦውን ማሳጠር፣ ክፍሎቹን እርስ በርስ ማጠጋጋት ያስፈልጋል። ክፍሎቹ ሲጠጋጉ ግን ሙቀቱም አብሮ ይጠጋጋል። አየር በመሃላቸው የሚያልፍበት ቦታ ጠፋ። ማራገቢያ እዚህ ላይ ተሸነፈ።

ክሬይ ምን አደረገ? ዲን ራውሽ የሚባል ሰው አብሮት እንዲሠራ አመጣ። ራውሽ የኮምፒዩተር ሰው አልነበረም። አማና በተባለው የቤት ፍሪዘር አምራች ኩባንያ የሠራ የማቀዝቀዣ መሐንዲስ ነበር። የስጋና የአይስክሬም ማቀዝቀዣን ዕውቀት ይዞ መጣ። በ1964 የወጣው ሲዲሲ 6600 የተባለው ኮምፒዩተር በፍሪጅ ጋዝ፣ በፍሪዮን፣ ነበር የሚቀዘቅዘው። እስከ 1969 ድረስ በፍጥነት የሚወዳደረው አልተገኘም።

ክሬይ ከዚያ የራሱን ኩባንያ ከፈተ። በ1976 ክሬይ-1 ሎስ አላሞስ ለተባለው የምርምር ተቋም ደረሰ። ከላይ ሲያዩት ክብ ቅርጽ ያለው፣ ዙሪያውን መቀመጫ የተሠራለት ግንብ ይመስላል። ሰው ሶፋ ነው ብሎ ሊቀመጥበት ይችላል፤ ከመቀመጫው ሥር ያለው ግን የኃይል ማቅረቢያው ነው። ክብደቱ ከማቀዝቀዣው ጋር 5 ቶን ተኩል ገደማ፣ የሚበላው ኃይል 115 ኪሎዋት ያህል ነበር። ያ ሁሉ ኃይል በመጨረሻ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ሙቀቱም ካልወጣ ማሽኑ ይሞታል። ራውሽ በአሉሚኒየም ዘንጎች ውስጥ የብረት ቱቦ አስገብቶ ፍሪዮን አሳለፈበት። የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎቹ ሙቀታቸውን ለመዳብ፣ መዳቡ ለአሉሚኒየሙ፣ አሉሚኒየሙ ለፍሪዮኑ ያስረክባል።

ቀላል ሆኖ ግን አልሄደም። ኮምፕሬሰሩን ለማለስለስ ከጋዙ ጋር የሚደባለቅ ዘይት አለ። ያ ዘይት በቱቦዎቹ መጋጠሚያ እያመለጠ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎቹን ለበሰባቸው፤ እስከ ማገናኘትና ማቃጠል ደረሰ። የመጀመሪያው ክሬይ-1 በዚሁ የማቀዝቀዣ ችግር የተነሳ ለስድስት ወር ዘገየ። የተፈታውም በሒሳብ ቀመር አይደለም። በአዲስ የብየዳ ዘዴ ነው።

ወጣቶች፣ ይህንን ነገር ቆም ብላችሁ አስቡት። በዘመኑ ለኑክሌር ምርምርና ለአየር ትንበያ የሚሠራ የዓለም ፈጣን ኮምፒዩተር የዳነው በጥሩ ብየዳ ነው። በሠፈራችን ፍሪጅ የሚጠግነው ሰው፣ ቱቦ የሚበይደው፣ ጋዝ የሚሞላው፣ ማፍሰሱን በሳሙና አረፋ የሚፈትሸው ያ ሰው፣ ሙያው ከዲን ራውሽ ሙያ ዘር ነው።

5. ከግንቡ ወደ ጠረጴዛው

ከ30 ዓመት በላይ ፍሪጅ የተገጠመለት ኮምፒዩተር የመንግሥታትና የታላላቅ ተቋማት ነገር ሆኖ ቆየ። ወደ ቤት የገባው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው።

በዚያ ዘመን ወጣቶች አንድ ነገር አስተውለው ነበር። ፋብሪካው በ300 ሜጋኸርዝ እንዲሠራ የሸጠላቸው ፕሮሰሰር ቅንብሩን ቢቀይሩት በ450 ይሠራል። ኢንቴል በ1998 ያወጣው ሴለሮን 300ኤ በዚህ ታዋቂ ሆነ። ይህ ኦቨርክሎክ ይባላል። ፍጥነት ሲጨምር ግን ሙቀት ይጨምራል፤ ስለዚህ የፍጥነት ውድድሩ ወደ ቅዝቃዜ ውድድር ተቀየረ።

ክራዮቴክ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ከታች ኮምፕሬሰር፣ ከላይ ኮምፒዩተር ያለበት ረጅም ኬዝ ሠርቶ ይሸጥ ጀመር። ፕሮሰሰሩን እስከ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ያወርደዋል። 1,000 ሜጋኸርዝ፣ ማለትም 1 ጊጋኸርዝ፣ የሚሠራ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ያዘጋጀው ቺፕ ሠሪዎቹ ኤኤምዲና ኢንቴል በመጋቢት 2000 የራሳቸውን ከማውጣታቸው በፊት ነው። ዴንማርክ ውስጥም አሴቴክ የተባለ ኩባንያ ቬፖቺል በሚል ስም ተመሳሳይ ኬዝ ይሸጥ ነበር።

እነዚህ ኬዞች ውስጥ ያለው ብልሃት ፍሪጅ ከመግጠም በላይ ነበር። ትልቁ ጠላታቸው መጀመሪያ ያዙልኝ ያልኳችሁ ላብ ነው። ፕሮሰሰሩ ከዜሮ በታች ሲወርድ በዙሪያው ያለው ሁሉ እንደ ረመዳኑ ጠርሙስ ያልበዋል። ውሃና ማዘርቦርድ ደግሞ አብረው አይኖሩም። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበትን ቦታ አየር በማያስገባ ስፖንጅ ያሽጉታል፤ በዙሪያው ጤዛ እንዳይቋጥር አነስተኛ ማሞቂያ ያደርጉበታል። ቀዝቃዛ ኮምፒዩተር ውስጥ ማሞቂያ! መጀመሪያ ኮምፕሬሰሩ ይነሳል፤ በቂ ቅዝቃዜ ሲደርስ ብቻ ኮምፒዩተሩ እንዲበራ ይፈቀድለታል።

ታዲያ ዛሬ እነዚህ ኬዞች በገበያ ላይ የሉም ለማለት ይቻላል። ለምን?

በ2004 ኢንቴል 4 ጊጋኸርዝ ሊያደርሰው ያቀደውን ፔንቲየም 4 ሰረዘ። ፍጥነትን ብቻ እየጨመሩ መሄድ ሙቀቱን ከአቅም በላይ አደረገው። አምራቾቹ መንገድ ቀየሩ፦ አንድ አንጎል እያፋጠኑ ከመሄድ፣ በአንድ ቺፕ ላይ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት አንጎል ማድረግ። ከዚያ ወዲህ የከባድ ቅዝቃዜ ፋይዳው ለውድድር ብቻ ሆነ። ውድድሩማ ቀጥሏል፤ በታኅሣሥ 2022 አንድ ፕሮሰሰር በፈሳሽ ሂሊየም ቀዝቅዞ ከ9 ጊጋኸርዝ አልፏል። ፈሳሽ ሂሊየም ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ነው፤ የኤምአርአይ ማሽን ማግኔት የሚቀዘቅዝበት ፈሳሽ ነው። ያ ፍጥነት ግን ለጥቂት ቅጽበት ለመዝገብ የሚመዘገብ እንጂ ሌሊቱን ሙሉ የሕንፃ ስዕል የሚሠሩበት አይደለም።

6. ልደታ ላይ ብንሠራውስ?

አሁን ሒሳቡን እንሥራ።

አንደኛ፣ የአየሩ ሒሳብ። በእኩል የሙቀት መጠን የአዲስ አበባ አየር ከባሕር ዳርቻ አየር ሩብ ያህል ይሳሳል። ማራገቢያ በደቂቃ የሚገፋው የአየር ስፋት ያው ነው፤ የሚገፋው የአየር ክብደት ግን በሩብ ይቀንሳል። ስለዚህ ጅቡቲ ላይ በኬዝ ውስጥ ሲያልፍ 10 ዲግሪ የሚሞቅ አየር፣ በዚያው ኬዝና በዚያው ማራገቢያ አዲስ አበባ ላይ 13 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ክፉ ዜና ይመስላል። ነገር ግን ጅቡቲ 40 ዲግሪ ላይ ስትሆን ልደታ ያለ ክፍል 22 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። 40 ሲደመር 10፣ 50 ነው። 22 ሲደመር 13፣ 35 ነው። ቀዝቃዛው ደጋችን ከስስ አየራችን በላይ ይክሰናል። ሌላው አገር ለቅዝቃዜ የሚከፍለውን እኛ ግማሹን በተፈጥሮ አግኝተነዋል።

ሁለተኛ፣ የሙቀት ሒሳብ። አንዳንዱ “ኮምፒዩተሩን እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ ባስገባውስ?” ይላል። አይሆንም። የቤት ፍሪጅ ኮምፕሬሰር በአብዛኛው ከ100 እስከ 200 ዋት የሚደርስ ሙቀት ነው የሚያወጣው። የተሠራው አንዴ የገባን ምግብ አቀዝቅዞ ከዚያ በበር የሚገባውን ጥቂት ሙቀት ለመጣል ነው። ከባድ ሥራ ላይ ያለ ኮምፒዩተር ግን 300 እና 400 ዋት ሙቀት ያለ ማቋረጥ ይለቃል። ፍሪጁ ሳያርፍ ሲሠራ ይውላል፤ ውስጡ ግን ከመቀዝቀዝ ይልቅ ይግላል። ለዚህ ነው ባለሙያዎቹ ሙሉ ኮምፒዩተሩን ትተው ፕሮሰሰሩን ብቻ የሚያቀዘቅዙት፤ ጋዙ የሚተንበትን የመዳብ ቁራጭ በቀጥታ ፕሮሰሰሩ ላይ ያሳርፋሉ።

እሱም ቢሆን ኪራይ አለው። ፕሮሰሰሩ 200 ዋት፣ ኮምፕሬሰሩም 200 ዋት ቢበሉ፣ 400 ዋት ሙቀት ወደ ክፍሉ ይወጣል። በጠባብ የኮንዶሚኒየም ክፍል መስኮት ዘግቶ ለሚሠራ ሰው ፕሮሰሰሩ በረዶ ሲሆን እሱ ይጋገራል። ሙቀቱ አልጠፋም፤ ቦታ ቀየረ እንጂ።

ሦስተኛ፣ የጤዛ ሒሳብ። ክፍሉ 20 ዲግሪ ሙቀትና 60 በመቶ እርጥበት ካለው፣ ከ12 ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ብረት ሁሉ ያልበዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ አየሩ ደረቅ ነውና ይታገሳል። ሐምሌና ነሐሴ ግን ጤዛው ፋታ አይሰጥም። በበጋ ተሞክሮ የተሳካ ኬዝ በክረምት ማዘርቦርድ ሊያቃጥል ይችላል።

አራተኛ፣ የመብራት ሒሳብ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ፍሪጅ ወዲያው እንዳይነሳ፣ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። በቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ግፊት እስኪመጣጠን ኮምፕሬሰሩ ለመነሳት ይቸገራል፤ በግድ ከተነሳም ሊቃጠል ይችላል። ኮምፒዩተሩ ግን መብራት እንደተመለሰ ሊነሳ ይችላል። ማቀዝቀዣው ገና ተኝቶ ሳለ ፕሮሰሰሩ ሥራ ከጀመረ ውጤቱን መገመት አያቅትም።

አምስተኛውና ዋናው፣ የነፍስ ሒሳብ ነው። ምናለሽ ተራ ብትሄዱ አሮጌ ኮምፕሬሰር ማግኘት አያዳግትም። ነገር ግን በቱቦው ውስጥ ያለው ጋዝ ምን እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ። የድሮ ፍሪጆች የያዙት ፍሪዮን የኦዞንን ሽፋን የሚጎዳ ነው፤ በ1987 በሞንትሪያል በተፈረመው ስምምነት ዓለም እንዲተወው የተስማማበትም ለዚህ ነው፤ አገራችንም የስምምነቱ አባል ናት። ቱቦውን ቆርጦ ጋዙን ወደ አየር መልቀቅ በሁሉም ላይ የሚደርስ ጉዳት ነው። የብዙ አዳዲስ ፍሪጆች ጋዝ ደግሞ አይሶቡቴን ነው፤ እሱ እንደ ምድጃ ጋዝ በእሳት ይያያዛል። ጋዝ ባለበት ቱቦ ላይ የብየዳ እሳት መለኮስ ማለት ምን እንደሆነ ልነግራችሁ አያስፈልግም። የሚፈሰው ፈሳሽ ቆዳ ላይ ቢያርፍም እንደ እሳት ያቃጥላል።

7. ታዲያ ምን እናድርግ?

አትሞክሩት አልልም። የሚሞክር ትውልድ ነው የሚያስፈልገን። ግን በቅደም ተከተል እንሂድ።

ኮምፒዩተራችሁ ከጋለ መጀመሪያ ኬዙን ክፈቱና አቧራውን አጽዱ። አቧራ የሞላበት የአሉሚኒየም ቅጠል ብርድ ልብስ የለበሰ ማለት ነው። ከዚያ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መሃል ያለውን የደረቀ ማጣበቂያ ቅባት ቀይሩ። ቀጥሎ ማራገቢያዎቹ ወዴት እንደሚነፉ እዩ፤ ከፊት አስገብተው ከኋላ ማስወጣት አለባቸው። የምንኖረው ስስ አየር ውስጥ ነውና ከአንድ ትንሽ ማራገቢያ ይልቅ ሁለት ትልልቅ ይሻላል። ማታ መስኮት ብትከፍቱ የልደታ ብርድ ያለ ክፍያ የሚያግዛችሁ ኮምፕሬሰር ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ ለዕለት ሥራ ፍሪጅ የሚያስፈልገው ሰው እጅግ ጥቂት ነው።

ከዚህ በኋላም ለመማር ስትሉ ፍሪጅ የተገጠመለት ኬዝ መሥራት የምትፈልጉ ካላችሁ ብቻችሁን አትጀምሩት። በሠፈራችሁ ያለውን የፍሪጅ ባለሙያ ፈልጉ። ለውድ ኮምፒዩተራችሁ ሳይሆን ለሞተ ማዘርቦርድ ሥሩለት። እሱ ጋዙን በትክክል ያወጣል፣ ይበይዳል፣ ማፍሰሱን ይፈትሻል። እናንተ የሙቀት መለኪያውን፣ መቆጣጠሪያውን፣ ኬዙን ትሠራላችሁ። እሱ ስለ ፕሮሰሰር ከእናንተ ይማራል፤ እናንተ ስለ ግፊትና ብየዳ ከእሱ ትማራላችሁ።

በከተሞቻችን አንድ ልማድ አለ። የኮምፒዩተር ተማሪው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ያልፋል፤ የፍሪጅ ጠጋኙ እጁ ዘይት ነክቶ መንገድ ዳር ተቀምጧል። ሰላምታ እንኳ ላይለዋወጡ ይችላሉ። አንዱ የተማረ፣ ሌላው የእጅ ሠራተኛ ተብለው ተለይተዋል። ታሪኩ የነገረን ግን ሌላ ነው። የዓለም ፈጣን ኮምፒዩተር የተወለደው እነዚህ ሁለት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ በተቀመጡበት ቀን ነው። ክሬይ ያለ ራውሽ የጋለ ብረት ብቻ ይቀረው ነበር።

ነገ ፍሪጅ ጠጋኙ በር ላይ ስታልፉ ቆም በሉ። ሰላም በሉት። “ይህ ጋዝ እንዴት ነው የሚዞረው?” ብላችሁ ጠይቁት። ከእንስራው ጀምሮ የመጣው ዕውቀት በእሱ እጅ ላይ ነው ያለው።